ነገረ ሰርቪስ

በኦሪቱ ሥርዓት ከእህሉ ቀዳምያቱ፣ ከመንጋው በኵሩ ተለይቶ ወደ ቤተ እግዚአብሔር እንዲገባ የታዘዘበትን ምክንያት መምህራን ሲተረጕሙ ብዙ ምሥጢር ያወጡበታል፤ እኔ ግን ከደጀ ሰላም ርቄ የኖርሁ ሰው ብሆንም በድፍረት አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፤ ይኸውም ሰው ለመጀመሪያው ነገር ሳያጕረመርም የሚከፍል፣ ለሁለተኛው የሚከራከር፣ ለሦስተኛው ሲጠሩት የማይሰማ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ሕጉ እጁ ሳይታጠፍ ሊቀድመው የፈለገ ይመስለኛል። ለበኵር ልጅ ልብስ በአዲስ ጨርቅ ይሰፋል፤ ለሦስተኛው ግን ያው ልብስ በታላላቆቹ ገላ አልፎ፣ ጕልበቱ ተጥፎ በውርስ ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ደመወዝ ለእናት ጋቢ ይገዛበታል፤ ሁለተኛው ደመወዝ ወዴት እንደ ሄደ ግን ባለቤቱም አያውቅ።

ይህን ጠባይ በቅርቡ አጥብቄ እንድመረምረው ያደረገኝ የእኅቴ ልጅ በደጋን የገዛው አዲስ ሞተር ሳይክል ነው። ደጋን፣ ለማያውቃት አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የቃሉ ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ አሰብ ወደብ የተጠረገ በመሆኑ፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአሰብን ጭነት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የጅቡቲን ጭነት የተሸከመ ተሳቢ በደጃፏ ሲያልፍ ስለ ኖረ፣ የደጋን ልጅ እቤቱ ተኝቶ በድምፁ ብቻ የትኛው መኪና ፍሬኑ እንዳለቀ፣ የትኛው ጭነት እንደ በዛበት ለይቶ ይናገራል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀበሌው የሚያስገባው የጥርጊያ መንገድ ግን የተሳቢ ሳይሆን የሞተር ሳይክል ግዛት ሆኗል፤ የግብርና ባለሙያው፣ ጤና ጣቢያ የሚውለው፣ መምህሩ፣ ጫት ነጋዴው፣ ሁሉም አባቱ በበቅሎ ይሄድበት በነበረው መንገድ በእርሱ ይመላለሳል። በቅሎዪቱ ሣር ትበላ ነበር እንጂ የዋስትና ደብተር አልነበራትም።

የእኅቴ ልጅ ሞተሩን ያገኘው በራሱ ላብ አይደለም፤ እኅቱ በሳዑዲ ዓረብያ በሰው ቤት ተቀጥራ ከላከችለት ገንዘብ ነው። በቃሉና በአካባቢው ቆርቆሮ ክዳኑ በፀሐይ የሚያበራ ቤት፣ መደርደሪያው የሞላ ሱቅ፣ ጎማው ገና ያልቆሸሸ ሞተር ባየሁ ቍጥር ከባሕር ማዶ ወለል የምትወለውል አንዲት ሴት ልጅ ትታየኛለች፤ ሁልጊዜ እውነት ባይሆን እንኳ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የተገዛውም ሞተር በህንዱ የባጃጅ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ሰው ሁሉ ቦክሰር እያለ የሚጠራው ነበር። ከሞተሩ ጋር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ተሰጠችና፣ እርሱ ቁልፉን ሲይዝ እኔ መጽሐፏን ያዝሁ፤ ሽማግሌ ከወጣት ጋር ሲካፈል ድርሻው ከዚህ የተለየ አይሆንም።

መጽሐፏም እንዲህ ትላለች፦ የመጀመሪያው ሰርቪስ በ500ና በ750 ኪሎ ሜትር መካከል፣ ወይም ከ30 እስከ 45 ባለው ቀን፣ ከሁለቱ በቀደመው ይደረግ። ይህን ጮክ ብዬ ባነበብሁበት ሰዓት በበረንዳው ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች ነገሩን ወዲያው ተረድተውታል፤ ምክንያቱም ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ ክርስትና በሚነሣበት፣ በሰባተኛው ቀንም ለሕፃኑ አቂቃ በሚታረድበት በእኛ በወሎ፣ ለአዲስ ፍጥረት ቀነ ቀጠሮ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። ሙስሊሙ ጎረቤት ህንዶቹ ትንሽ ዘግይተዋል ሲል፣ ክርስቲያኑ ጎረቤት ልክ መሐሉን መትተዋል ብሎ አጸደቀው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ውስጥ ስለ ሞተሩ የሚወራው ሁሉ በልጅ ወግ ሆነ፤ «ስንት ቀኑ ነው?» ይባላል፤ «ድምፁ ደኅና ነው? ያስላል ወይ?» ይባላል።

የሰርቪሱ ምሥጢር እንዲህ ነው። አዲስ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የፒስተኑ ቀለበቶችና የሲሊንደሩ ግድግዳ በዓይን ሲያዩአቸው ልሙጥ ይምሰሉ እንጂ በረቂቅ መሣሪያ ቢመረመሩ ጐበጥባጣ ናቸውና፣ በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትር እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ይላመዳሉ፤ ከፍትጊያው የሚረግፈው ደቃቅ ብረት ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ይህ በመኪና ቢሆን ጕዳቱ በአንድ ወገን ይቀር ነበር፤ በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ግን ማርሹም ፍሪሲዮኑም የሚዋኙት በዚያው በአንዱ ዘይት ስለ ሆነ፣ የብረቱ ትቢያ ከኩሽኔታ ወደ ኩሽኔታ፣ ከጥርስ ወደ ጥርስ እየዞረ ገና ያልጠናውን አካል ይበላዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘይት ቢቀር ቢቀር ለብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ያገለግል የነበረው፣ በጨቅላነቱ እንዲደፋ ተፈረደበት። አዲስ ካቴና በመጀመሪያው ሰሞን ይለጠጣል፤ የቸርኬው ራጂ ይላላል፤ ዳዶውና ቡሎኑ በንዝረት ይፈታታል፤ የቫልቩ ክፍተት ይጠባል። ሰርቪስ ማለት ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እየነኩ ማጥበቅ፣ ማላላትና ማስተካከል ነው፤ ሥራው ለዐዋቂ እጅ የግማሽ ቀን እንኳ አይሆንም።

የግማሽ ቀን የማይሆነው ሥራ ሙሉ ቀን የሚበላበትን ምክንያት ግን መጽሐፏ አልጻፈችም። እርሷ የምትለው ሞተሩ እስኪላመድ ድረስ በዝግታ ንዳው፣ ዳገት ላይ አታስጨንቀው፣ ጭነት አታብዛበት ነው። የዋስትናውን ማኅተም የሚመታው ደግሞ ሞተሩን የሸጠው ሱቅ ነው፤ ሱቁም ደሴ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ስትቀመጥ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በዚያም መካከል ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ሐረጎን ያልወጣ ሰው ጠመዝማዛ አየሁ ባይል ይሻለዋል። ስለዚህ ዳገት ያልተፈቀደለት ሞተር፣ ዳገት እንዳይወጣ የሚያዝዘውን መጽሐፍ ማኅተም ለማስመታት ሐረጎን ይወጣል ማለት ነው። እኔም በኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ ወጣሁ፣ ጭነትን የሚመለከተውን አንቀጽ በዚያ ቀን ጮክ ብዬ ማንበብ አላስፈለገኝም።

ሱቁ ስሙ ምን እንደ ሆነ እዚህ መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይደለም። በግድግዳው ላይ «የመጀመሪያው ሰርቪስ በነጻ» የሚል ተጽፎ ነበር፤ የእኅቴ ልጅም ይህን አንብቦ ወደ ኪሱ የሰደደውን እጁን ባዶውን መለሰው። መካኒኩ፣ ዕድሜው ከሞተሩ ገዢ የማይበልጥ፣ ትሑትና ፈጣን ልጅ፣ ሞተሩን ከተመለከተ በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፦

«ጋሼ፣ ዘይቱ እንደ ሞቀ መፍሰስ አለበት፤ አሁኑኑ አፈሰዋለሁ። ቫልቩ ግን የሚለካው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው» አለኝ።

«መቼ ይቀዘቅዛል?»

«ከምሳ በኋላ ብትመጡ ነው።»

ትክክሉን ተናግሯል፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚያብጥ የቫልቭ ክፍተት የሚለካው በቀዝቃዛው ነው፤ ዘይት ደግሞ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ቆሻሻውን ጠርጎ የሚወርደው በሙቁ ነው። ፊዚክስ በራሷ መንገድ ፍጹም ናት፤ ነገር ግን ባለሞተሩን በደሴ ከተማ መሐል ሥራ አስፈትታ ታቆመዋለች፤ በደሴም ሥራ ፈትቶ መቆም ብርድ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ፒያሳ ሲወርድ ሰው ሻይ ቤት ይገባል፤ ሻይ ቤት የገባ ሰው ብስኩት ያዛል፤ ጫማው የሐረጎን አቧራ ስለ ያዘ ያስጠርጋል፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስም ከደጋን የመጣ ሰው ደሴ ላይ ሽሮ በልቶ አይመለስም፤ ሲጠየቅ ምን ሊል ነው? ከምሳው በኋላ ደግሞ የእኅቴ ልጅ አንድ የስልክ ልባስ፣ አንድ የሞተር ወንበር ልብስ፣ ከመስተዋቱ ላይ የሚንጠለጠል አንድ ቀይ ጌጥ ገዛ። ይህ ሁሉ ቫልቩ እስኪቀዘቅዝ ነው።

ማታ ሒሳቡ ሲቀርብ የእጅ ዋጋ በሚለው ረድፍ ላይ እንደ ተነገረው ባዶ ተጽፎበታል። ዘይቱና ማጣሪያው ግን ነጻ አልነበሩም፤ የዘይቱ ነገር ደግሞ የራሱ ሐተታ አለው። ሞተሩ የሚፈልገው ከአንድ ሊትር ጥቂት አለፍ የሚል ነው፤ ጠርሙሱ ግን የሚሸጠው በሊትር ነው። ስለዚህ ያቺን ጥቂት ለመሙላት ሁለተኛ ጠርሙስ ይከፈታል፤ የተረፈው ለሚቀጥለው ተብሎ ወደ ቤት ይወሰዳል፤ ቤት ከደረሰ በኋላም የበር ማጠፊያ ይቀባበታል፣ የልብስ ስፌት መኪና ይጠጣዋል፣ ጎረቤት ለብስክሌቱ ካቴና ይለምነዋል፤ ሁለተኛው ሰርቪስ ሲደርስ ጠርሙሱ ብቻ ይገኛል።

የእኅቴ ልጅ በዚህ በሁለተኛው ጠርሙስ ላይ የተከራከረው ክርክር ለአንድ የዳኝነት ችሎት የሚበቃ ነበር። ትንሽ ቢጎድል ምን አለበት አለ፤ የፈሰሰው ተጠልሎ ቢመለስ ምን አለበት አለ፤ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ርካሽ ዘይት አውቃለሁ አለ። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ በወጪ የማይቈጭ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን ለሞተር ከሚወጣው ወጪ ሁሉ የማይነካው አንዱ ዘይት ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ለመቀነስ የሚሮጠው ከዚያው ላይ መሆኑ ይደንቀኛል። ቀዩ ጌጥ ካልተገዛ ሞተሩ አይሞትም፤ ከየት እንደ ተቀዳ የማይታወቅ ጥቁር ዘይት ቢጨመርበት ግን ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ አንድ ቀን በገርባ ዳገት ላይ ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ገንዘብ የእኅቱን የአንድ ዓመት የሳዑዲ ደመወዝ ይበላል።

ዘይቱ መወደዱን ግን አልክድም። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር ሁሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መልኩን ለውጧል፤ በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶውን ተሻገረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የወሰነው የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 100 ብርን አለፈ። ከደጋን ደሴ ደርሶ መልሱ ራሱ የወጪው አንድ አካል ሆነ ማለት ነው። በአሜሪካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ታላላቆቹ ሞተሮች የመጀመሪያ ሰርቪሳቸውን የሚያደርጉት በ600 ማይል፣ በእኛ አቈጣጠር በ1,000 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን፣ ባለንብረቱ የሚከፍለው ብዙ መቶ ዶላር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ዘይቱ ሳይሆን የመካኒኩ ሰዓት ነው። እዚያ የሰው እጅ ውድ ነው፤ እዚህ የሰው እጅ ምርቃት ሆኖ ይሰጣል፣ ገንዘብ የሚከፈለው ለጠርሙሱ ነው። ያ ፈጣን ልጅ ካቴናውን ወጥሮ፣ ራጂውን አንድ በአንድ አጥብቆ፣ ቫልቩን በቀጭን ብረት ለክቶ ሲጨርስ፣ ያ ሁሉ ዕውቀት በባዶ ረድፍ መጻፉን ሳይ ቅር አለኝ፤ ለሻይ ብዬ በእጁ ያስጨበጥሁትን «ጋሼ፣ ተከፍሏል እኮ» ብሎ ሊመልስልኝ ነበር። ማን እንደ ከፈለው አልጠየቅሁትም።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ጣጣ በቅርቡ ያልፋል ይላሉ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል፤ ሞተር ሳይክሉም ተከትሏቸዋል፤ ለእነዚህም የሚለወጥ የሞተር ዘይት የለም። ይህን ለእኅቴ ልጅ ብነግረው ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ አጎቴ፣ በምን ሰበብ ደሴ እንወጣለን?» አለኝ።

ደጋን ስንመለስ ዋናው ሰርቪስ ገና እንደ ነበረ ያወቅሁት በሩ ላይ የተነጠፈውን ቄጤማ ሳይ ነው። ሞተሩ አርባውን አውጥቶ፣ ዘይቱን ለውጦ ገብቷልና፣ ዱዓ ሳይደረግለት እንዳያድር ተወስኗል። ቡናው ቀርቧል፤ ፈንዲሻው ተበትኗል፤ ጫቱ በየሰዉ ፊት ታስሯል፤ አንድ በግ ደግሞ ከጓሮ ይጮኻል። ከሰፈሩ ሁሉ የሚከበሩት መራቂ እናት፣ ዱበርቲ፣ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ እጃቸውን ዘርግተው፦ «ጎማህ ከመንገድ፣ ልብህ ከአላህ አይለይ፤ የላከችህን እኅትህን በሰላም ያግባልህ፤ ሲሄድ ሰው አይንካ፣ ሲቆም ሰው አይንካው» እያሉ ሲመርቁ፣ ሙስሊሙ «አሚን» ሲል እኔ «አሜን» ስል፣ ሁለቱ ድምፆች በጢሱ ውስጥ አንድ ሆነው ይሰሙ ነበር። በነገሩ የምሳለቅ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የመጨረሻዪቱ ምርቃት ከመጽሐፏ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ስለ በለጠችብኝ ዝም አልሁ።

በጉ ከታረደ በኋላ የእኅቴን ልጅ ወደ ዳር ጠርቼ ጠየቅሁት። በደሴ ለአንድ ጠርሙስ ዘይት እንደዚያ የተከራከረ ሰው፣ የዘይቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ በግ ሲገዛ ለምን አንድ ቃል አልተነፈሰም?

«አጎቴ፣ ዘይቱን ማን ያየዋል?» አለኝ። «በጉን ግን ያልበላ ያወራል።»

ይህ መልስ አላዋቂነት ይመስል ነበር፤ ቆይቼ ግን ልጁ የሒሳብ ሰው መሆኑን አየሁ። ያን ቀን በበረንዳው ላይ ከተቀመጡት መካከል አንዱ ጎሚስታ ነው፤ አንዱ የሚያውቃቸው ትራፊክ ፖሊሶች አሉት፤ አንዱ አይሱዙ ያለው ነው፤ ሞተሩ በሌሊት ገደል አፋፍ ላይ ቢቆም ጭኖ የሚያመጣው እርሱ ነው። መጽሐፏ ዋስትናው የሚጸናበትን ወራት ቈጥራ ትወስናለች፤ የበጉ ዋስትና ስንት ወር እንደሚጸና ግን አልተወሰነም። ደግሞም የበላ ሁሉ የማይጻፍ መብት ያገኛል፤ ከተመረቀበት ቀን ማግሥት ጀምሮ «እስከ መስጊዱ ድረስ»፣ «እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ»፣ «ልጄን ከሐርቡ አምጣልኝ» የሚል በሩ ላይ አይጠፋም። ለሞተሩ የተመደበው ኪሎ ሜትር እንዲህ ሆኖ ይሞላል።

በሦስተኛው ቀን እኅቱ በኢሞ ደወለች። የአሠሪዎቿ ቤት ሥራ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ሲሆን ስለ ሆነ እኛ ከእንቅልፍ ተነሥተን ነበር ያናገርናት። ወንድሟ ሰርቪሱ ነጻ መሆኑን፣ ዱዓው ማማሩን፣ ዱበርቲ ስሟን ጠርተው መመረቃቸውን በደስታ ተረከላት። እርሷም በምርቃቱ አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ፣ ነጻ የሆነ ነገር ያን ያህል ገንዘብ እንዴት እንደ ፈጀ ጠየቀች። እርሱም ሻዩን፣ ምሳውን፣ ጌጡን፣ ቡናውን፣ ጫቱን፣ በጉን በተርታ ቈጠረላት፤ ዘይቱን ዘለለው።

«አብሽር፣ ስለ በጉ አልጠየቅሁህም» አለችው። «የዘይቱን ደረሰኝ ግን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።»

ደረሰኙ በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ነበርና አውጥቼ ሰጠሁት። እርሷም ቍጥሩን አንብባ፣ የዘይቱን ዓይነት በስሙ ጠይቃ፣ የሚቀጥለው መቼ እንደ ሆነ ከእኔ አጣርታ፣ ለዚያ የሚሆነውን በእኔ ስም እንደምትልክ ነገረችን። ወንድሟ በዚህ ትንሽ ቅር ብሎት አደረ፤ ጠዋት ግን ረሳው፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ነውና ለሞተሩ ተራ የያዙ ሰዎች ከቅዳሜ ጀምሮ መጨቃጨቅ ጀምረው ነበር። ለጊዜው የተፈቀደለት አይሱዙ ያለው ሰው ነው፤ የራሱ መኪና እያለው ለምን በሞተር መሄድ እንደ ፈለገ ቢጠየቅ፣ የአይሱዙው ዘይት መለወጫው ስለ ደረሰ እንዳይነዳው መፍራቱን ገለጸ። ሲመለስ ፍየል ይዤ እመጣለሁም ብሏል፤ ከፊት ሆኖ ከሚነዳውና ከኋላ ሆኖ ከሚቀመጠው ፍየሉን የሚያቅፈው ማን እንደ ሆነ ይህን እስክጽፍ ድረስ አልተወሰነም።